ፔይድ ሊቭ ላስጨነቃችሁ ቀጣሪዎች፦ የአንዲት የሂሳብ ባለሙያ እህት ምስጋና እና ጥቆማ

ሰላም እህት ወንድሞች። ሲያትልና አካባቢው ሰራተኛ ቀጥራችሁ የምታሠሩ ሁሉ፣ በተለይ አዳልት ፋሚሊ ሆም (አረጋውያንን የምትንከባከቡበት ቤት) ያላችሁ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ይህን ምስጋና ልጻፍ ልጻፍ ስል ዓመት ሊሞላው ነው። ሥራው አላስቀምጥ እያለኝ ዛሬ ደረስኩ።

ሊንውድ ውስጥ ስድስት አረጋውያን የምንንከባከብበት ቤት አለኝ። ዘጠኝ ሰራተኞች አሉን፤ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዷ ባለፈው ዓመት ሜይ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዘን ሆስፒታል ሄደን እልል ብለን ተመለስን። ትንሽ ቀን ቆይታ ደወለችልኝ። ድምጿ ልክ አልነበረም።

«እትዬ፣ ፔይድ ሊቩን ከለከሉኝ» አለችኝ።

የመጣላትን ደብዳቤ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። 820 ሰዓት አልሞላሽም ይላል። ልጅቷ እኔ ጋ ከጁላይ 2024 ጀምሮ በሳምንት 28 ሰዓት ሠርታለች። 820 ቀርቶ ሺህ ታልፋለች። እናቷ አገር ቤት ናት፤ ቪዛ አልሰጧትም። ባሏ የማታ ሥራ ነው የሚሠራው። ደብዳቤውን እያየሁ እጄ ቀዘቀዘ።

ፔይድ ሊቭን፣ ማለትም ክፍያ ያለውን የሥራ ፈቃድ፣ ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ዋሽንግተን ስቴት ይህን ሕግ ያወጣው በ2017 ነው። መዋጮው በ2019፣ ክፍያው በ2020 ጀመረ። ሰው ሲወልድ፣ ራሱ ሲታመም ወይም ቤተሰብ ሲያስታምም ስቴቱ የደመወዙን የተወሰነ ክፍል ይከፍለዋል። ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ሰው እስከ 90 በመቶ ያገኛል። አንድ ምክንያት ብቻ ከሆነ እስከ 12 ሳምንት ነው። ወላድ የራሷን ማገገሚያና ልጇን የምታቅፍበትን አንድ ላይ አድርጋ እስከ 16 ሳምንት ልትወስድ ትችላለች። ለዚህ ሁሉ በሚቆጠረው ዓመት ውስጥ 820 ሰዓት መሥራት አለባት። ስቴቱ ሰዓቷን የሚያውቀው ደግሞ እኛ ቀጣሪዎች በየሦስት ወሩ ከምንልከው ሪፖርት ነው። እኛ ካጎደልን እሷ ላይ ይጎድላል።

የዚያን ጊዜ ፔይሮላችንን (የደመወዝ ሂሳባችንን) የሚሠራልን ሰው ጋ ደወልኩ። «የሲስተሙ ችግር ነው፣ ይስተካከላል» አለኝ። ሳምንት አለፈ። ምንም የለም። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ የዚህችን የሂሳብ ባለሙያ እህት ስልክ ሰጠችኝ።

እሁድ ከሰዓት መጣች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ሳሎን ቁጭ ያሉትን አረጋውያን አንድ በአንድ ሰላም አለች፣ ከዚያ ላፕቶፗን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። የታክስ ወረቀት ትጠይቀኛለች ብዬ ፋይሉን ይዤ ቆሜያለሁ። እሷ ግን «እትዬ፣ ልጆቹ በእጃቸው የሚጽፉት ታይም ሺት አለ?» አለችኝ። ከፍሪጁ ጎን በክሊፕ የተንጠለጠለውንና የድሮዎቹን ከሳጥን አውጥቼ ሰጠኋት።

አንዱን ወረቀት ይዛ ዝም ብላ አየችው። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አድርጋ «ይሄን ይዩት» አለችኝ። መግቢያ 8፣ መውጫ 10 ይላል። ሪፖርቱ ላይ 2 ሰዓት ተብሎ ገብቷል። ልጅቷ ግን የገባችው በፈረንጅ 8 ነው፤ የወጣችው በእኛ 10፣ ማለትም በፈረንጅ 4 ሰዓት ከሰዓት። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሠርታ ሁለት ተቆጠረላት! አንዳንድ ቀን በፈረንጅ፣ አንዳንድ ቀን በሐበሻ ትጽፋለች። ደመወዙን እኔ በሺፍት ፕሮግራሙ ስለምከፍል ቼኳ አልተጓደለም። ስቴቱ ጋ የሄደው ሰዓት ግን እንዲህ ተሸራርፎ ነው የሄደው። ይህንን ሌላ ማን ያየዋል? የእኛን ሰዓት አቆጣጠር የማያውቅ ሰው ወረቀቱን መቶ ጊዜ ቢያገላብጠው አያገኘውም።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነበር። ኦክቶበር 2024 ላይ ፔይሮላችን ወደ ሌላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲዛወር ሁለት ሰራተኞች ከፔይድ ሊቩ ውጭ ቀርተዋል። አንዷ ይህችው ወላድ ናት። አንኢምፕሎይመንቱ (የሥራ አጥነት መድን) ሪፖርት ላይ ስማቸው አለ። ኤል ኤንድ አይ (የሥራ ላይ ጉዳት መድን) ላይም አለ። የፔይድ ሊቭና የዋ ኬርስ (የስቴቱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን) ሪፖርት ግን ለብቻው የሚላክ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ኳርተር (ስድስት ወር) ሙሉ የሉም፤ ከደመወዛቸውም አልተቆረጠም። እኔ ሦስቱም አንድ ይመስሉኝ ነበር። ብዙዎቻችሁም እንደዚያው እንደምታስቡ አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያልጠየቅኩት ሰው የለም።

ይህችን እህት ያከበርኳት ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። እኔ «እንግዲያው ያልተቆረጠውን ከሚቀጥለው ቼካቸው ቀስ በቀስ እቆርጣለሁ» አልኳት።

«አይቻልም እትዬ» አለችኝ። «በጊዜው ካልቆረጡ ሕጉ እርስዎ ልክፈል እንዳሉ ነው የሚቆጥረው። ወደኋላ ተመልሶ ከሠራተኛ አይወሰድም።»

ልታስደስተኝ ብትፈልግ ዝም ማለት ትችል ነበር። ገና የመጀመሪያ ቀናችን ነው፤ ገንዘቡን የምከፍላትም እኔ ነኝ። ካልኩሌተሯን አውጥታ አሳየችኝ። በ2024 ጠቅላላ መዋጮው ከደመወዝ 0.74 በመቶ ነበር፤ በ2025 ወደ 0.92 ወጣ። ከዚያ ውስጥ የሠራተኛው ድርሻ 71 በመቶ ተኩል ገደማ ነው። በ2025 ከልጅቷ የሁለት ሳምንት ቼክ፣ ከ1,176 ዶላር ላይ፣ 7 ዶላር ከ74 ሳንቲም ማለት ነው። የሁለቱም ሰራተኞች የስድስት ወር የፔይድ ሊቭ ድርሻ ሲደመር 180 ዶላር ገደማ መጣ። ከኪሴ ከፈልኩ። ለ180 ዶላር ብዬ ሁለት አራስና ባለ ልጅ እናቶች ቼክ ላይ እጄን ልዘረጋ እንደነበር ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እዚህ ላይ ትናንሽ ቤት ያላችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ። ከ50 ሰራተኛ በታች ካላችሁ የቀጣሪውን ድርሻ አትከፍሉም። ይህ ማለት ግን ነገሩ አይመለከታችሁም ማለት አይደለም። የሠራተኛውን ድርሻ ቆርጦ መላክና ሪፖርት ማድረግ አንድ ሰራተኛ ቢኖራችሁም ግዴታ ነው።

የተሳሳተውን ኳርተር አስተካክላ፣ የቀሩትን ሁለቱን ሞልታ በዚያው ሳምንት ላከች። የልጅቷን ማመልከቻ ግን አልነካችም። «የእሷ የግል ጉዳይ ነው፣ ራሷ ታናግራቸው» ብላ ምን ብላ እንደምትጠይቅ ብቻ በስልክ አስረዳቻት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውሳኔው ተቀየረ። በሳምንት 529 ዶላር፣ ከወለደችበት ሳምንት ጀምሮ ተቆጥሮ፣ 16 ሳምንት። ሕፃኗ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ እናቷ ነጠላዋን ለብሳ፣ ፊቷ ሞልቶ፣ አራስነቷን በወጉ ጨርሳ ነበር የቆመችው። ክፍያው ባይስተካከል ኖሮ በስድስተኛው ሳምንት የሌሊት ሺፍት ልትገባ ነበር። ራሷ ነች የነገረችኝ።

ሌላም አለ። በልጅቷ ቦታ ጊዜያዊ ሰው ከቀጠርኩ ስቴቱ ለትናንሽ ቀጣሪዎች 3,000 ዶላር ድጋፍ እንዳለው የነገረችኝ እሷ ናት። ያን ያህል ገንዘብ ስሰማ ዓይኔ በራ። እሷ ግን ከ50 በታች ያለ ቀጣሪ ድጋፉን ከወሰደ የቀጣሪውን ድርሻ ለሦስት ዓመት እንደሚከፍል አስረድታ፣ በእኛ ፔይሮል ልክ አስልታ አሳየችኝ። በዓመት 786 ዶላር ገደማ ነበር፤ መጠኑ ከጨመረ ደግሞ ይጨምራል። ወስኑ ብላ ተወችኝ። እኛ ሺፍቱን ለነበሩት ልጆች አከፋፍለን ድጋፉን ተውነው። መዋጮውም እንዳለችው በ2026 ወደ 1.13 በመቶ ወጥቷል።

አሁን በየኳርተሩ እሷው ናት የምትሠራልን። ኤፕሪል 30፣ ጁላይ 31፣ ኦክቶበር 31 እና ጃንዋሪ 31 ከመድረሳቸው ሁለት ሳምንት በፊት በድምጽ መልእክት ታስታውሰኛለች። የፔይድ ሊቩን ማስታወቂያ ወረቀት ከታይም ሺቱ በላይ ለጠፈችልን። ሰው በሕመም ወይም በቤተሰብ ምክንያት ሰባት ቀን ተከታትሎ ከቀረ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ መብቱን የሚገልጽ ጽሁፍ ልሰጠው እንደሚገባኝም ከእሷ ነው የሰማሁት። ታይም ሺቱ አናት ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «በፈረንጅ ሰዓት ብቻ ይጻፍ» ብላ በአማርኛ ጽፋለች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልተሳሳቱም።

ዘንድሮ የተለወጠም ነገር አለ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 25 እና ከዚያ በላይ ሰራተኛ ያለው ቀጣሪ፣ 180 ቀን የሠራ ሰው ከፔይድ ሊቭ ሲመለስ ቦታውን ሊጠብቅለት ይገባል። በ2027 ወደ 15፣ በ2028 ወደ 8 ሰራተኛ ይወርዳል። እኛ ዘጠኝ ነን፤ በ2028 እኛንም ይመለከታል ማለት ነው። የእኛዋ ልጅ ግን ያኔም ቦታዋ ጠብቋታል። ሴፕቴምበር ላይ ስትመለስ አንዷ አዛውንታችን እጇን ይዘው አልለቅም አሉ።

ዋጋዋን ለምትጠይቁ፦ እኛ በኳርተር 120 ዶላር እንከፍላታለን። የመጀመሪያውን ማስተካከያ ለብቻው 200 አስከፍላናለች፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀባት በዓይኔ ስላየሁ ሲያንሳት ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ትሠራለች። የማታውቀውን «አጣርቼ ልንገርዎ» ትላለች፤ አጣርታም ትደውላለች።

ስሟንና ስልኳን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ አልጻፍኩትም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። የኤፕሪል 30 ሪፖርት ሊደርስ ስለሆነ ዛሬ ነገ አትበሉ። ስትደውሉላት ታይም ሺታችሁን አጠገባችሁ አድርጉ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።