የእድራችንን ደንብ ከቁጥር ምስቅልቅል ላወጣችልን ልጅ

የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ የተረከብኩት መተዳደሪያ ደንብ ቁጥሩ ሁሉ በእጅ የገባ ነበር። ጉባኤው አንድ ነጥብ በጨመረ ቁጥር የታችኞቹ ይዛነፋሉ። «በአንቀጽ 9 ፊደል ተራ ሐ መሠረት» ብለን የምንጠቅሰው የቀብር ወጪ ውሎ አድሮ የድንኳን ኪራይ ሆኖ ይገኛል። በዚህ የተነሣ ሁለት ሽማግሌዎች ተኳርፈዋል።

የሂሳብ መምህር ነኝና ደንቡን ላቴክ በሚባለው፣ ሰነድ በትእዛዝ (በኮድ) በሚጻፍበት ፕሮግራም ልጽፈው ተነሣሁ፤ ቁጥሩን ራሱ ይቆጥራል። ነገር ግን ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ ሲገባ ካልነገሩት በቀር አንደኛውን ደረጃ በ1፣ ሁለተኛውን በላቲን ትንሹ ኤ፣ ሦስተኛውን በሮማ ቁጥር ነው የሚጀምረው። ለእድር አባቶች «አንቀጽ 9፣ 2፣ ኤ» ብዬ ላንብብ? በግዕዝ ቁጥር ልተካው ብዬ አኃዝ በአኃዝ ስቀይርም 10 ላይ ተሰናከልኩ፤ ግዕዝ ዜሮ የለውም።

ሁለት ሳምንት ከታገልኩ በኋላ አንድ ባልደረባዬ አራት ኪሎ አካባቢ የመጽሐፍ ገጽ የምታቀናብር ወጣት ጠቆመኝ። ኮዱን ዝም ብላ ካነበበች በኋላ የጠየቀችኝ ስለ ኮምፒውተር አልነበረም፦ «ጋሼ፣ ከሰ ቀጥሎ ሸ ይግባ ወይስ እንደ ግዕዙ ወደ ቀ እንለፍ?» ግዕዝ 26 ፊደል አለው፤ ሸ፣ ቸ፣ ኘና ጓደኞቻቸው በኋላ ለአማርኛ የተጨመሩ ናቸው። የቀድሞው ደንባችን ሸን ይዞ ስለነበር አስገባናት። እኔ ግን ይህን ሳላስብ ሁለት ሳምንት መክረሜ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከዚያ ለ1 ሀን፣ ለ2 ለን እያለ በተራ የሚሰጥ አጭር ትእዛዝ ጻፈችና ኢነምአይተም ከሚባለው የዝርዝር ማስተካከያ ጥቅል ጋር አገናኘችው። የሦስቱ ደረጃዎች መልክ በሰነዱ መግቢያ ላይ በሦስት መስመር ተወሰነ፤ 1፣ ሀ፣ ፩። ለግዕዙ አሥሩንና አንዱን ለይታ ስለምታሰላ 21 ላይ ፳፩ ብሎ ይወጣል። ከሁሉ የወደድኩት ግን በዳር የሚታየውን ምልክት ከማጣቀሻው መለየቷን ነው። በዝርዝሩ ላይ «ሀ)» ብቻ ይነበባል፤ ሌላ አንቀጽ ሲጠቅሰው «9(2)(ሀ)» ሆኖ ይመጣል። በየመስመሩ ጎን ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ጽፋልኛለች።

ዋጋዋ ርካሽ አይደለም፤ ቀጠሮ ግን አታዛንፍም። ባለፈው እሑድ ጉባኤው ከሐ በላይ አዲስ ነጥብ አስገባ። እዚያው አንዲት መስመር ጨምሬ ሰነዱን ሁለት ጊዜ አስኬድኩት፤ ማጣቀሻው የሚስተካከለው በሁለተኛው ነው። ሐ ወደ መ ወረደች፤ የሚጠቅሷት አንቀጾችም አብረው ታረሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መነጽራቸውን እየተቀባበሉ አነበቡት።

የማኅበር ወይም የእድር ደንብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ የመልመጃ መጽሐፍ ያላችሁ ስልኳን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ግን አታነሣም።