የኤትና ቀይ ወይን ልትገዙ ከሆነ ካርቶኑን ሳታስከፍቱ እንዳትወጡ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው በጣሊያኗ ሲሲሊ ደሴት፣ ኤትና እሳተ ገሞራ ሥር ባለችው ካታኒያ ከተማ ከተከራየሁት ክፍል ነው። ስድስት ጠርሙስ ፊቴ ተደርድሯል፤ የተከፈተው አንዱ ብቻ ነው። ለስድስቱ 228 ዩሮ ከፍያለሁ። ሌሊቱን በንዴት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በኤትና ሰሜናዊ ጎን፣ ከሊንጓግሎሳ ወደ ራንዳዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ቅምሻ የሚያዘጋጁትን ታውቋቸዋላችሁ። ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እጃችሁ ላይ ያስቀምጣሉ፣ አያታቸው ስለተከሉት ወይን ያወራሉ፣ ኮንትራዳ የሚሏቸውን የወይን ቀበሌዎች በካርታ ያሳያሉ፣ ከዚያ ይቀዳል።

የተቀዳልኝ ወይን፣ እውነቱን ልናገር፣ ድንቅ ነበር። ቀለሙ ስስ ከመሆኑ የተነሳ ብርጭቆውን ስይዘው ጣቶቼ ከወዲያ ይታዩኛል። የኔሬሎ ማስካሌዜ ጠባዩ ይኸው ነው፤ ኤትና ሮሶ፣ ማለትም የኤትና ቀይ፣ ለመባል ቢያንስ 80 በመቶው ከዚህ የወይን ዘር መሆን አለበት። መጀመሪያ ጎምዛዛ ቼሪ፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭና የደረቀ ቅጠል፣ መጨረሻ ላይ ጭስ ጭስ ይላል። አፍ የሚያደርቀው ታኒኑ ድድ ጨምድዶ ይይዛል፣ ኮምጣጣነቱ ምራቅ ያመጣል። ቀዝቀዝ አድርገው፣ 15 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው ያቀረቡት። የኔብሮዲ ተራሮች ጥቁር አሳማ ቋሊማም ነበር፣ የሚበላ ይብላ፤ እኔ የበግ ጥብሱን ያዝኩ። ወይኑ ስቡን ጠርጎ አፌን ለቀጣዩ ቁራሽ ያዘጋጅልኝ ነበር።

ስድስት እወስዳለሁ አልኩ፣ አንዱን በ38 ዩሮ። የቀመስኩት ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የተራራ ሥዕል አለው፣ ከሥሩ «ኤትና ሮሶ» ይላል። ሰውየው ጓዳ ገብቶ ካርቶን ይዞ ወጣ። በፕላስተር ታሽጓል። «አንዱን ልየው?» አልኩት። መዳፉን ካርቶኑ ላይ ጫን አደረገና ፈገግ ብሎ፣ «ሲኞራ፣ ብርሃንና ሙቀት ይጎዳዋል፤ ቤት ሲደርሱ ይክፈቱት» አለኝ። እጄን ሰበሰብኩ።

የምታንገበግበኝ ያቺ ቅጽበት ናት። እዚያው ክፍል ውስጥ ጠርሙስ እየተከፈተ ሲቀዳ ነው የዋለው፤ በሁለት ደቂቃ ወይን የሚያበላሸው የትኛው ብርሃን ነው? ቋንቋውን አውቃለሁ፣ የምኖረው ጣሊያን ነው፣ ጽሑፉን ማንበብ አያቅተኝም። ግን አመስግኜ፣ 10 ዩሮ ጉርሻ ትቼለት ወጣሁ። ካርቶኑን ራሱ መኪናዬ ድረስ ተሸክሞልኛል።

ማታ ፓስታ አላ ኖርማ ሠራሁ፤ ቲማቲም፣ የተጠበሰ ደበርጃን፣ ላዩ ላይ ጨው ያለው የሪኮታ አይብ። የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ኮምጣጣ ወይን ይፈልጋል፤ መንገዱን ሁሉ ሳስብ የመጣሁት ይህን ገበታ ነበር። ቡሹን ነቅዬ ቀዳሁ። ጥቁር ነው። ጣት አያሳይም። እንደ ማርማላታ ይጣፍጣል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ከቲማቲሙ ጋር ተጣልቶ ምግቡንም አበላሸብኝ። ጠርሙሱን አዞርኩት። ፊቱ ላይ ያው ተራራ፣ ያው ቀለም፤ ጀርባው ላይ ግን «ቴሬ ሲቺሊያኔ» ይላል። ወይኑ ከሲሲሊ ከየትኛውም ጥግ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ኤትና የሚለው ስም ለቀዩ ወይን ከ1968 ጀምሮ በሕግ የተከለለ ስለሆነ ሊጽፉት አልደፈሩም፤ ሥዕሉን ለጠፉት። ቴሬ ሲቺሊያኔ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ለኤትና ስም በሕግ ከተከለለው ወሰን በላይ፣ ተራራው ላይ ከፍ ብለው ተክለው በዚሁ ስም የሚሸጡ ጎበዝ ወይን ሠሪዎች አሉ። እኔን ግን አንዱን አስቀምሰው ሌላውን አሸከሙኝ።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩ። ትናንት «እርስዎ» ሲለኝ የዋለው ሰው «አንቺ» አለኝ። «ትናንት በሥጋ ቀመስሽው፣ ማታ በፓስታ ጠጣሽው፤ ላልለመደ ምላስ ይለያያል» አለ። «ቀለሙንም ፓስታው ነው የቀየረው?» ስለው ከኋላው ሌላ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ከዚያ፣ ደረሰኙን እንዳነብ ነገረኝ። አነበብኩት፦ «ቀይ ወይን፣ 6»። ሌላ ምንም የለውም። ስልኩን ዘጋው።

የምትሄዱ ካላችሁ ካርቶኑን እዚያው አስከፍቱ፤ የጀርባውን ጽሑፍ ከቀመሳችሁት ጠርሙስ ጋር አስተያዩ፤ ደረሰኙ ላይ የወይኑን ሙሉ ስም አስጽፉ። እምቢ ካሉ ትታችሁ ውጡ። እኔ ያልተከፈቱትን አምስቱን ይዤ ነገ ጠዋት ተመልሼ እወጣለሁ።