ዊክስ፣ ዎርድፕረስ ወይስ «ልጁ የሠራው»? ዋጋ ለመቀየር ስልክ መደወል ለሰለቸው ነጋዴ

«ዌብሳይት የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። የእንግዳ ማረፊያው የክፍል ዋጋ ጨምሯል፣ ዌብሳይቱ ግን ዛሬም የሁለት ዓመት በፊቱን ዋጋ ያሳያል። የሠራው ልጅ ስልክ አያነሳም፤ ካነሳም ለማስተካከያው ሌላ ሂሳብ ይጠይቃል። ስለዚህ ከመልኩ በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ባለቤቱ ቅዳሜ ማታ በስልኩ ገብቶ ዋጋ መቀየር ይችላል ወይ?

መልሴን ላስቀድም። ለአብዛኛው ሱቅ፣ እንግዳ ማረፊያና አስጎብኚ የሚሻለው ዎርድፕረስ (ዌብሳይት የሚሠራበት ሶፍትዌር) ነው፤ ያውም በነፃ ቴም (የገጹን መልክ በሚወስነው)፣ በጥቂት ፕለጊን (ተጨማሪ ሥራ በሚጨምር ቅጥያ)፣ ዶሜይኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ) በባለቤቱ ኢሜይል ተመዝግቦ። ዊክስ፣ ማለትም ሁሉንም ራሱ ይዞ በክፍያ የሚያቀርበው የዌብሳይት መሥሪያ አገልግሎት፣ ለተወሰነ ሰው ይሆናል። በእጅ ኮድ የተጻፈው ግን ባለቤቱ የሚገባበት አድሚን (የማስተካከያ ክፍል) ከሌለው ለትንሽ ንግድ አይሆንም።

ወደ ዋጋ እንግባ፤ ዶላሩን በ150 ብር እናስላው። ማስታወቂያ የሌለበትና በራስ ዶሜይን የሚሠራው የዊክስ ዝቅተኛ ጥቅል፣ የዓመቱ አንዴ ሲከፈል፣ በወር 17 ዶላር አካባቢ ነው። በዓመት 204 ዶላር፣ ማለትም 30,600 ብር። በኦንላይን ዕቃ መሸጥ ለሚፈልግ ወደ 29 ዶላር ይወጣል፤ እሱ በዓመት 52,200 ብር ይሆናል። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ሳለ ያው 204 ዶላር 11,600 ብር ገደማ ነበር። በዶላር የሚከፈል ነገር በብር ስንት እንደሚሆን የሚወስነው ሻጩ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ዎርድፕረስ ራሱ ነፃ ነው። የሚከፈለው ለዶሜይን በዓመት 15 ዶላር አካባቢና ለሆስቲንግ፣ ማለትም ዌብሳይቱ ለሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ ነው። ሆስቲንጉ ላይ ግን ዓይን መክፈት ያስፈልጋል። «በወር 3 ዶላር» የሚለው የመጀመሪያው ውል ዋጋ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚገኘው የሦስት ወይም የአራት ዓመቱ ባንዴ ሲከፈል ነው። እድሳቱ ላይ 10 ዶላርና ከዚያ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ማወዳደሪያችሁ የእድሳቱ ዋጋ ይሁን፦ 120 ዶላር ሆስቲንግና 15 ዶላር ዶሜይን፣ በድምሩ 20,250 ብር። በብር የሚቀበሉ የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ሻጮች ስላሉ የካርድ ጣጣውም ይቀንሳል። የዶት ኢቲ ዶሜይን ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ዘንድ በብር ይመዘገባል።

የካርዱ ነገር ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ዊክስን የሚከፍለው አሜሪካ ወይም ዱባይ ባለ ዘመድ ካርድ ነው። ካርዱ ጊዜው ያልፋል ወይም ይቀየራል፤ ዘመድየው የማስጠንቀቂያ ኢሜይሉን አያየውም። ያኔ ጥቅሉ ይወርድና ዶሜይኑ ይነቀላል፣ ገጹም የዊክስ ማስታወቂያ ተለጥፎበት ይቀራል። ዶሜይኑ ራሱ ሳይታደስ ከቀረ የባሰ ነው። ዶት ኮም ከመዝጋቢው የእፎይታ ጊዜ በኋላ ለ30 ቀን መዋጃ ውስጥ ይገባል፤ በዚያ ጊዜ ለማስመለስ ከመደበኛው እድሳት ብዙ እጥፍ ይጠየቃል። ከዚያም 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። የታወቀ የሱቅ ስም የቁማር ገጽ ሆኖ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በ«ልጁ በሠራው» ዌብሳይት ላይ ወጪው የሚደበቀው ማስተካከያው ውስጥ ነው። ለአንድ የዋጋ ለውጥ 1,000 ብር ቢጠየቅና ዋጋው በየወሩ ቢቀየር በዓመት 12,000 ብር ሆነ፤ ሆስቲንጉ ሳይቆጠር። ከዚህም የሚያናድደው ዋጋው በጽሑፍ ሳይሆን ባነሩ ምስል ላይ ተሠርቶ ሲገኝ ነው። ያኔ አንድ ቁጥር ለመቀየር ግራፊክ ሠሪም ይፈለጋል። ዋጋ፣ ስልክ ቁጥርና የሥራ ሰዓት በምንም መንገድ ምስል ውስጥ አይግቡ።

ዊክስ የሚመሰገንበት አለ። አፕዴት አድርጉ አይልም፣ ፕለጊን ተጋጭቶ ነጭ ገጽ አይሆንም። የራሱ ካርድ ላለው፣ ገቢው በዶላር ለሆነ፣ ለምሳሌ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤት ላለው ሰው፣ ከአምስት ገጽ ለማይበልጥ ነገር ጥሩ ነው። ግን የተሠራውን ዌብሳይት አንስቶ ሌላ ሆስቲንግ ላይ መትከል አይቻልም። ለመውጣት የፈለገ ከዜሮ ይጀምራል።

ዎርድፕረስን የሚያስጠላው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ዎርድፕረስ ሳይሆን ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚወርድ ቴም ነው። ገበያ ላይ 59 ዶላር አካባቢ የሚሸጥ ቴም ከየትም ወርዶ ይጫናል፤ ደንበኛው ግን «ፕሪሚየም ነው» ተብሎ ይከፍልበታል። ውስጡ የተደበቀ ኮድ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይሠራም። ሲጀምር ደግሞ አድራሻውን በቀጥታ የሚጽፈው ባለቤት ምንም አያይም፤ ከጉግል የሚመጣው ደንበኛ ብቻ ወደ ቁማር ወይም ወደ መድኃኒት መሸጫ ይወሰዳል። ስለዚህ መፈተሻው ቀላል ነው፦ ከሌላ ሰው ስልክ የድርጅቱን ስም ጉግል ላይ ፈልጉና ውጤቱን ነክታችሁ ግቡ። ከስሙ ሥር የጃፓንኛ ጽሑፍ ካያችሁ ተጠልፏል።

ለማጽዳት ቴሙን ብቻ መቀየር አይበቃም። በዩዘሮች ዝርዝር ውስጥ የማታውቁት አድሚን ካለ ይሰረዝ። አፕሎድስ ፎልደር ውስጥ መኖር ያለበት ፎቶና ሰነድ ነው፤ የፒኤችፒ (የኮድ) ፋይል ከተገኘ ትልቅ ምልክት ነው። የዎርድፕረሱ ፋይሎች በአዲስ ይተኩ፤ የአድሚኑ፣ የሲፓነሉ (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ) እና የዳታቤዙ ፓስወርድ ሁሉም ይቀየር። ከዚህ ሁሉ ልፋት ከዎርድፕረስ የራሱ ማውጫ የወረደ ነፃ ቴም መቶ እጅ ይሻላል።

በሕጋዊ መንገድ የተገዛም ቢሆን ከባድ የገጽ መገንቢያ (ገጽ የሚዋቀርበት ፕለጊን) የተጣበቀበት ቴም አልመክርም። ከቴሙ ጋር የመጣው መገንቢያ ብዙ ጊዜ የራሱ ፈቃድ ስለሌለው አፕዴቱ የሚመጣው የቴሙ ሠሪ ሲያወጣው ብቻ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ዎርድፕረስ ውስጥ ያለው የብሎክ ማስተካከያ ለሱቅ ይበቃል። አድሚን ገብቶ ፔጅስ፣ «ክፍሎችና ዋጋ»፣ ኤዲት፤ 1,800 የሚለውን ነክቶ 2,200 መጻፍ፤ ከዚያ አፕዴት ወይም ሴቭ። ከሁለት ደቂቃ አያልፍም፣ በስልክም ይሆናል። አሮጌው ዋጋ ከታየ ካሹን (ተቀምጦ የቆየውን የገጹን ቅጂ) አጽዱ።

አማርኛ ስትለጥፉ ከድሮ ቪዥዋል ግዕዝ ፋይል አትቅዱ፤ ዩኒኮድ ስላልሆነ ደንበኛው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ያያል። በስልኩ ኪቦርድ እንደገና መጻፍ ይቀላል። የስልክ ፎቶ ደግሞ 4 ሜጋባይት ሆኖ አይጫን። ወርዱን ወደ 1,200 ፒክስል፣ ክብደቱን ወደ 200 ኪሎባይት አውርዱት፤ በዳታ የሚያይ ሰው ገጹ እስኪከፈት አይጠብቅም።

አፕዴት ከበዓል ዋዜማ ውጭ ይሁን፣ መጀመሪያም ባክአፕ ይወሰድ። ነፃው የባክአፕ ፕለጊን አፕድራፍትፕላስ ወደ ጉግል ድራይቭ ይልካል። ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ አድርጉ፣ የትኛው እንዳበላሸ እንዲታወቅ። ገጹ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይዞ ከቀረ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልለቀቀ በሲፓነል ዋናው ፎልደር ውስጥ ነጥብ ቀድሞት «ሜይንቴናንስ» የሚባለውን ፋይል ሰርዙ፤ ካልታየ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን አብሩ። ፕለጊን ሲወድቅ ዎርድፕረስ መግቢያ ሊንክ በኢሜይል ይልካል፤ የሚልከው ግን ሴቲንግስ ውስጥ ወዳለው የአድሚን ኢሜይል ነው። እዚያ የሠሪው ኢሜይል ከተጻፈ ሊንኩ ለእሱ ይደርሳል፣ ባለቤቱ ውጭ ይቀራል።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት ሠሪው አጠገባችሁ ተቀምጦ እናንተ በራሳችሁ ስልክ ሦስት ነገር አድርጉ፦ አንድ ዋጋ ቀይሩ፣ አንድ ፎቶ ጨምሩ፣ ዶሜይኑ ወደተመዘገበበት አካውንት በራሳችሁ ኢሜይል ግቡ። ሠሪው የሚያመነታው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ሦስተኛው ሳይፈጸም ገንዘቡ አይለቀቅ።