ድሬ ላይ «የመብራት ፓኬጅ» ብለው ለሚመጡባችሁ ልጆች መኪናችሁን እንዳትሰጡ

አቦ ድሬዎች ሰላም ናችሁ፣ ሐረር ያላችሁም አንብቡት ምክንያቱም እዛም ወጥተው እንደሚሰሩ ሰምቻለሁ። ዶልፊን ያላችሁ፣ አባዱላ ያላችሁ፣ «ቦሎ ከመድረሱ በፊት የውጭ መብራትህን ሙሉ በኤልኢዲ እናድርግልህ፣ የጎን መብራት፣ የኋላ ፓውዛ፣ ጣራው ዙሪያ ደግሞ የሚያበራ ጥብጣብ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ፣ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው» የሚሏችሁ ካሉ ዝም ብላችሁ እለፉ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ነገር አልፈልግም፣ ግን አሰራራቸውን ስነግራችሁ ራሳችሁ ትለዩዋቸዋላችሁ።

ዋጋው ርካሽ ነው፣ ሲበራም ያምራል፣ እሱን አልክድም። የኔ ሚኒባስ ድሬ ሐረር ነው የሚሰራው። መብራቱ ከተገጠመ ብዙም ሳይቆይ ማታ ሹፌሩ በድሬና በሐረር መሀል ያለው ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ ሆኖ ደወለልኝ፣ የኋላ ፓርኪንግ የለ፣ የታርጋ መብራት የለ፣ ዳሽቦርዱም ጨልሟል፣ ፍሬን ሲይዝ ግን ስቶፑ ይበራል። ያንን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ከኋላ የጫነ መኪና እየመጣ የኋላ መብራት ሳይኖርህ መውረድ ማለት ምን እንደሆነ። ፊውዙ ተቃጥሎ ነው። መለዋወጫ ፊውዝ ነበረው ቀየረው፣ ትንሽ እንደሄደ ያም ተቃጠለ።

በማግስቱ ልጆቹ ጋ ሄደ፣ ወዲያው ሰሩለት፣ ሳንቲም እንኳን አልተቀበሉም፣ «ሎድ በዝቶበት ነው አሁን ተስተካክሏል» አሉት። ምን እንዳደረጉ በኋላ ነው የታወቀው፣ ቀዩን 10 አምፔር አውጥተው አረንጓዴውን 30 አስገብተውበታል። እስቲ አስቡት፣ ኤልኢዲ የሸጡልን «ትንሽ ነው የሚበላው» ብለው እኮ ነው፣ ታዲያ ሎዱ ከየት ነው የሚበዛው? ፋብሪካው የገጠመው የፓርኪንግ አምፖል እያንዳንዱ 5 ዋት ነው፣ የታርጋውን ጨምረህ አምስት ቢሆን 25 ዋት፣ በ12 ቮልት ሲካፈል 2 አምፔር ብቻ ነው። 10 አምፔር ፊውዝ ከዛ በላይ ብዙ ትርፍ አለው። እሱ ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ፖዘቲቩ ሽቦ ቦዲ እየነካ ነው፣ ሾርት ነው፣ ሌላ ታሪክ የለውም።

ፊውዝ ደግሞ አምፖሉን ለመጠበቅ የተቀመጠ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። የፓርኪንግ ሽቦ ቀጭን ነው፣ 30 ስታስገባበት ፊውዙ ሳይበጠስ ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከጎኑ ያለውንም ይዞ ይቀልጣል። እኔ ጋ የሆነውም እሱ ነው፣ ተሳፋሪዎች «የፕላስቲክ ሽታ ይሸተናል» ማለት ጀመሩ።

ቢዝነሱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው ወገን። ሽታው ሲመጣ ወደነሱ ትመለሳለህ፣ ከፍተው ያዩና ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «ወንድሜ ዋናው ኢንስታሌሽን (የመኪናው የሽቦ መስመር በሙሉ ማለታቸው ነው) አርጅቷል፣ ተቃጥሏል፣ ሙሉ በሙሉ ካልተቀየረ መኪናውን ያነደዋል» ይሉሃል፣ የሚጠሩት ዋጋ የፓኬጁን ብዙ እጥፍ ነው። ዋስትናውስ ስትል «እሱ ለመብራቱ ነው፣ ለሽቦው አይደለም»። መብራቱማ አሁንም ይበራል እኮ! ሁለት ሌላ የሚኒባስ ባለቤቶችን አናግሬያለሁ፣ ቃል በቃል ይሄንኑ ነው ያሏቸው።

እኔ አልከፈልኩም። ድሮ ምድር ባቡር ወርክሾፕ የሰሩ አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰድኩት፣ ለገሃር አካባቢ የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል። ሰውዬው ኮምፒውተር የላቸውም ምን የላቸውም፣ አንድ የፍሬን አምፖል ሁለት ሽቦ የተበየደበት ነው ያላቸው። ፊውዙን አወጡና በሱ ቦታ አምፖሉን ሰኩት፣ ፓርኪንግ አበሩ፣ አምፖሉ ቦግ ብሎ በሙሉ ኃይሉ በራ። «ይኸውልህ፣ አለ ሾርቱ» አሉኝ። ከዛ አንድ በአንድ ሶኬት መንቀል ጀመሩ፣ የግራ የኋላ መብራት ነቀሉ ያው ነው፣ የቀኝ ነቀሉ ያው ነው፣ መልሰው ሰኳቸው፣ ከዛ የልጆቹን ጥብጣብ መስመር ሲነቅሉት አምፖሉ ወዲያው ደብዘዝ አለ። በቃ ተገኘ። ይሄ ዘዴ ደስ የሚለው አንድም ፊውዝ አታቃጥልም፣ አምፖሉ ራሱ ከረንቱን ይይዘዋል፣ ሽቦውን እያወዛወዝክ አምፖሉን ብቻ ማየት ነው፣ ቦግ ሲል ነክቷል፣ ሲደበዝዝ ለቋል።

ከዛ የኋላውን በር ሽፋን ሲፈቱት ያየሁትን ልንገራችሁ። አዲሱን ሽቦ ከፋብሪካው የፓርኪንግ ሽቦ ላይ ነው የቀጠሉት፣ ልጠው ጠምዝዘው በናስትሮ ጠቅልለውታል፣ የናስትሮው ሙጫ በድሬ ሙቀት እንደ ማር ቀልጦ ወርዷል፣ ናስትሮው ለብቻው ተንሸራቶ መዳቡ ራቁቱን ቀርቷል። ሽቦው ወደ ጣራ የሚወጣበትን ቀዳዳ ደግሞ በድሪል በስተው ጎሚኒ ሳያደርጉበት ነው ያሳለፉት፣ የላሜራው ጠርዝ ምላጭ ነው፣ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር፣ መንገዱ ባነጠረው ቁጥር ሽቦውን ሲበላው ከርሟል። ለዛ ነው መጀመሪያ ላይ ቆሞ ሲያዩት ምንም ያላለው፣ ሲሄድ ነበር የሚነካው።

ሽቦውንም በምላጭ ፋቅ አድርገው አሳዩኝ፣ ከላይ ቀይ ከስር ነጭ፣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ይሄ የሚያስተላልፈው የእውነተኛውን መዳብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፣ ሲታጠፍ ቶሎ ይበጠሳል፣ እርጥበት ካገኘው ይበላል። አንዳንዱ «ማግኔት አስጠጋበት» ይላል፣ አይሰራም፣ አልሙኒየምን ማግኔት አይስበውም፣ ምላጭ ይሻላል።

እዚህ ላይ ሌላም ማታለያ አለ። ፍሬን ስትረግጥ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ከሆነ፣ ወይ ፓርኪንግ ስታበራ ስቶፑ ግማሽ ግማሽ የሚል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሾርት አይደለም፣ ማሳው (ከረንቱን ወደ ባትሪ የሚመልሰው፣ ቦዲ ላይ በቡሎን የሚታሰረው ሽቦ) ዝጎ ነው፣ ከረንቱ መመለሻ ሲያጣ በሌላ አምፖል ይዞራል። ቡሎኑን ፈትቶ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ መልሶ ማሰር ነው። ይሄንንም «ሾርት ነው ኢንስታሌሽን ይቀየር» ብለው የሚያስከፍሉ አሉ።

ሚኒባስ ውስጥ አልጋና ማብሰያ አስገጥማችሁ ለቱሪስት ለማከራየት የምታስቡ ደግሞ (አንድ ጓደኛዬ እያሰራ ነው) እናንተ የባሰ ተጠንቀቁ፣ ሁለተኛ ባትሪ ስለሚኖራችሁ። የውጭ መብራቱን ከሁለተኛው ባትሪ ቀጥታ ነው የሚስቡት፣ ያለ ፊውዝ። ባትሪ ሾርት ሲሆን በመቶ የሚቆጠር አምፔር ነው የሚለቀው፣ ፊውዙ እዛው የባትሪው ፖዘቲቭ ጎን መሆን አለበት፣ መብራቱ ጋ ቢቀመጥ መሀል ያለውን ሽቦ አይጠብቅም። አዲስ መብራት የግድ ከፈለጋችሁ የራሱ መስመር፣ የራሱ ፊውዝ፣ የራሱ ሪሌ (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ይኑረው፣ የፋብሪካው ሽቦ ላይ እንዳይቀጥሉባችሁ።

ገንዘቤን ልመልስ ብዬ ንግድ ቢሮ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቁኝ ደረሰኝ ነው፣ ልጆቹ የሰጡት ማህተም ያለበት የዋስትና ካርድ ብቻ ነው፣ ቲን ቁጥር እንኳን የለበትም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃም ለሰጠው አገልግሎትም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ ስለዚህ «ደረሰኝ ከፈለግክ ዋጋው ይጨምራል» ሲሉህ እዛው ጋ ተመለስ። ሹፌሬንም ይሄንኑ ነበር ያሉት። ጉዳዩ እስካሁን አልተቋጨም፣ ካርዱን ይዣለሁ፣ ቀልጦ የወጣውን ሽቦም በፌስታል አስቀምጬዋለሁ።

አስቀድማችሁ ያስገጠማችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ከመሄዳችሁ በፊት የፊውዝ ሳጥኑን ክፈቱና «ቴይል» የሚለውን እዩ፣ በክዳኑ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። 10 ከሆነ ቀይ፣ 15 ከሆነ ሰማያዊ ነው መሆን ያለበት። አረንጓዴ ካያችሁ፣ ወይ ጭራሽ የተጠቀለለ ሽቦ ተሰክቶበት ካገኛችሁ፣ ነቅላችሁ ትክክለኛውን መልሱ፣ ከተቃጠለ የጥብጣቡን ሶኬት አላቁትና እንደገና ሞክሩ።