የኦሪገን ሕግ ወይስ የኔዘርላንድስ? የታማሚው ፈቃድ ይበልጥ የሚጠበቀው የት ነው?

በሐኪም እርዳታ መሞትን ከፈቀዱት ሕጎች መካከል፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካዋ ኦሪገን ሕግና በ2002 የጸናው የኔዘርላንድስ ሕግ በፈቃድ ጉዳይ ይለያያሉ።

ማን ይፈቀድለታል፦ ኦሪገን ከስድስት ወር በላይ እንደማይኖር ሁለት ሐኪሞች ያረጋገጡለትን አዋቂ ብቻ፤ ኔዘርላንድስ ግን ሞቱ ባይቀርብም ስቃዩ የማይቻልና መሻሻል የማይጠበቅበትን ታማሚ።

ማን ይፈጽመዋል፦ በኦሪገን ታማሚው መድኃኒቱን ራሱ ስለሚወስድ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል፤ በኔዘርላንድስ ሐኪሙ መርፌ ሊወጋው ይችላል።

የመርሳት በሽታ ሲመጣ፦ ኦሪገን በጥያቄው ጊዜ የመወሰን ችሎታ እንዲኖር ታስገድዳለች፤ የኔዘርላንድስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ2020 አስቀድሞ የተጻፈ ጥያቄ በቂ ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። ዛሬ መርፌውን የምትከላከልን ታማሚ በቀድሞ ፊርማዋ መያዝ እኔን በእጅጉ ያስፈራኛል።

አእምሮው ንቁ ሆኖ ሞቱ ለቀረበ ሰው የኦሪገን ሥርዓት ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ መዋጥም ሆነ እጁን ማዘዝ ላልቻለ የኔዘርላንድሱ ይስማማዋል። የሕመም ማስታገሻ በማይገኝበት ቦታ ግን ሁለቱንም ነጻ ምርጫ ብዬ ለመጥራት እቸገራለሁ።