ደብረ ማርቆስ ላይ ቀልቡ ለማይሰበሰብ ልጅ የሚሆን ቲቶሪያል፦ ያዋጣል ወይ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትኩረት ለሚያስቸግራቸውና ንባብ አልገባ ላላቸው ልጆች የተከፈተ አንድ ማስጠኛ አለ። ሦስተኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ካለፈው ሴሚስተር ጀምሮ እዚያ ነው። ብዙ እናቶች በውስጥ እየጠየቃችሁኝ ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ስሙን አልጠራም፣ የምወቅሰውም ነገር ስላለ። ለነገሩ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ፍርዴን ቀድሜ ልንገራችሁ። ገንዘቡ ያዋጣል፣ ግን የሚያዋጣው በአንዲት መምህርት ምክንያት ነው። ልጃችሁ እሷ ጋ የሚደርሰው ከሆነ አስመዝግቡ። ካልሆነ ተራ አስጠኚ ቤታችሁ ድረስ ቢመጣ ይሻላችኋል፣ ዋጋውም ግማሽ ግድም ነው።

በማስታወቂያው ልጀምር። በሩ ላይ የተሰቀለው ባነር ላይ ያልተጻፈ ችግር የለም። ኦቲዝም አለ፣ ዲስሌክሲያ (የንባብ ችግር) አለ፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና ረጋ ብሎ የመቀመጥ ችግር) አለ፣ የንግግር መዘግየት አለ፣ እርሳስ አያያዝ ሳይቀር አለ። ቢሮ ውስጥ የተቀበለኝ ወጣት "ምርመራም እንሠራለን፣ ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው" ብሎ የሚሞላ ወረቀት አወጣልኝ። ክፍያው ለብቻው ነው። አይሆንም አልኩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡ የሚበላው እዚህ ጋ ነው። ኤዲኤችዲ አለበት የለበትም የሚለው በግማሽ ሰዓት ወረቀት አይወሰንም። ሐኪሞች የሚሠሩበት መስፈርት አላቸው፤ ምልክቶቹ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ፣ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ደግሞም ከአንድ በላይ ቦታ፣ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ የሚታዩ መሆን አለባቸው። ክፍል ውስጥ ብቻ የሚቀዠቀዥ ልጅ ሰሌዳው አይታየው ይሆናል፣ ጆሮው በደንብ አይሰማ ይሆናል፣ አጠገቡ ያለው ልጅ እየቆነጠጠው ሊሆንም ይችላል። የእኔን ልጅ ባህር ዳር ያየው ሐኪም ከሁሉ በፊት የላከን ዓይኑንና ጆሮውን እንድናስመረምር ነው። ቀጥሎ የክፍሉ መምህር ስለ ልጁ የሚያውቀውን ጽፎ እንዲልክ ጠየቀ። ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ሳይቀር ጠይቋል። ማስጠኛው ይህንን ለባለሙያው ትቶ ማስተማሩን ብቻ ቢይዝ ምን ነበረበት?

አሁን ወደ መምህርቷ። ልጆቹ "ቲቸር" ነው የሚሏት፣ እኔም እንደዚያው። የተማረችው ልዩ ፍላጎት ትምህርት ነው፣ ያስታውቃልም። የመጀመሪያው ቀን ልጄን "ቁጭ በል" አላለችውም። ቆሞ ይሥራ፣ ጠረጴዛው ይበቃዋል አለች። ጠረጴዛው ወደ ግድግዳው የዞረ ነው፣ መስኮቱ ከጀርባው። ስልኳ ላይ 10 ደቂቃ ትሞላለች፤ ሲጮህ ልጁ ወጥቶ ከጀሪካኑ ውሃ ቀድቶ ይመጣል፣ ወይም ጠመኔ ያመጣላታል፣ ወይም ዝም ብሎ ግቢውን አንዴ ዞሮ ይመለሳል። ከዚያ ሌላ 10 ደቂቃ። እኛ ቤት ሁለት ሰዓት ተለምኖ የማያልቀው የቤት ሥራ እዚያ በዚህ መንገድ ያልቃል። ሃያ ጥያቄ ያለበትን ወረቀት ሙሉውን አታሳየውም። ወረቀቱን አጣጥፋ አምስቱን ብቻ ነው የምታስቀምጥለት።

ሽልማቱም አይዘገይም። "አንደኛ ከወጣህ ሳይክል እገዛልሃለሁ" የሚለው የኛ ነገር እንደዚህ ላለ ልጅ አይሠራም። ሰኔ ለእሱ በጣም ሩቅ ነው። እሷ አምስቷን ጥያቄ ሲጨርስ አዝራር ትሰጠዋለች፣ አዝራሮቹ ሲጠራቀሙ በዚያው ቀን ኳስ ይጫወታል። አለቀ።

ንባቡ ላይ ግን ነው ያስደነቀችኝ። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ የንባብ ችግርም ይደረብበታል፣ የእኔም እንደዚያ ነው። ዲስሌክሲያ ማለት ደግሞ ሞኝ ማለት አይደለም። ድምፅን ከምልክቱ ጋር ማያያዙ ነው የሚከብደው። የኛ ፊደል ደግሞ ብዙ ነው፣ 33ቱ በሰባት ቤት 231 ይሆናል። ላዩ ላይ ጭረት ሲጨመርበት ሰ ሸ ይሆናል፣ ደ ጀ ይሆናል፣ ተ ቸ ይሆናል፣ ለሚቸኩል ዓይን ልዩነቱ ኢምንት ነው። ካዕብና ሳልሱ ብዙውን ጊዜ ሥርዓት አላቸው፣ ሩ እና ሪን የመሳሰሉ አፈንጋጮች ቢኖሩም። ሳድሱ ግን ፊደል በመጣ ቁጥር መልኩን ይቀያይራል። ልጄ የሚወድቀው እዚያ ላይ እንደሆነ የነገረችኝ እሷ ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት "ማንበብ አይችልም" ከማለት ሌላ የነገረኝ ሰው የለም። ሳድሶቹን ለብቻ አወጣችና በጣቱ ሰፌድ ላይ የፈሰሰ አሸዋ ላይ እየጻፈ፣ ድምፁን እያወጣ እንዲደጋግማቸው አደረገች። መጽሐፍ ሲያነብ ደግሞ መሀሉ የተቀደደ ካርቶን ገጹ ላይ ታስቀምጥለታለች፣ አንድ መስመር ብቻ እንዲታየው።

አያቱ አንድ ቀን ሊወስዱት ሄደው ይህን አዩ። እሳቸው በልጅነታቸው የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ቅኔ ቤት ድረስ የዘለቁ ናቸው። "ይቺማ እንደ የኔታ ነው የምታስተምረው፣ አርጩሜው ሲቀር" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የኔታ ዘንድ ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ፣ እየጮኸ፣ ያችን ሳይዝ ወደሚቀጥለው ሳይሻገር ነው የሚማረው። ጓደኛው ዳዊት ሲደግም እሱ ገና ፊደል ላይ ቢሆን ማንም ክፍል ደገመ አይለውም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህንን የጣለው ለምን እንደሆነ እንጃ።

ወላጆችን የምትይዝበት መንገድም ደስ ይላል። አንድ ከገጠር የመጡ አባት ሴት ልጃቸውን ይዘው "ፈዛለች፣ ጠበልም ወስጃት ነበር" አሉ። አጠገቤ የነበረች እናት "አትቀዠቀዥ፣ አትረብሽ፣ እዚህ ምን ትሠራለች?" ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ቲቸር ሰማቻት መሰለኝ፣ ለአባትዬው ነው ያስረዳችው፦ "አባቴ፣ ጠበሉን ይቀጥሉ፣ እኔ አልከለክልም። ግን ዝም ብላ በመስኮት የምታይ ልጅም ትኩረቷ ተቸግሮ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ይያት። ሴቶቹ ስለማይረብሹ ነው ሳይታወቅላቸው የሚቀሩት።" ስለ መድኃኒት ስትጠየቅ ደግሞ የሐኪም ጉዳይ ነው ብላ ትመልሳለች። ይኼ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ለቤት የምትሰጠው ምክር አጭር ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ትዕዛዝ። "ቦርሳህን አስቀምጥና ልብስህን ቀይርና እጅህን ታጥበህ ና" ካላችሁት ልጁ ጋ የሚደርሰው ቦርሳው ብቻ ነው። እኛ ቤት ሠርቷል፣ ጩኸቱም ቀንሷል፣ የእኔ ጩኸት ማለቴ ነው።

በሉ አሁን ወደ ቅሬታው።

አንደኛ ቦታው። ቀልባቸው ለሚበተን ልጆች የተከፈተ ቤት አጠገቡ ብየዳ ቤት ነው! ብረት ሲቆረጥ እኔ ራሴ የማስበው ይጠፋኛል። መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው ፀጥ የሚለው፣ ያኔ ደግሞ ክፍሉ ጨለማ ነው። ኪራዩ ረክሶላቸው ይሆናል እንጂ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛ፣ ቲቸር የታመመች ሰሞን የተካት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን ያደረገው ልጆቹን ከሰሌዳ ማስገልበጥ ብቻ ነው። ክፍያው ያው ነው፣ አልተቀነሰም። መንገድ ተዘጋግቶ ማንም ከቤት ባልወጣበት ሳምንትም አልተቀነሰም። ወሩ ሲገባ በቅድሚያ ትከፍላላችሁ፣ የተማሩበትን ያህል የሚባል ነገር የለም። እነሱም ኪራይ አለባቸው፣ ይገባኛል፣ ግን ቢያንስ የማካካሻ ቀን ይስጡ።

ሦስተኛውና የሚያበሳጨኝ ከትምህርት ቤቱ ጋር አለመነጋገራቸው ነው። ቲቸር ለክፍሉ መምህር ደብዳቤ ጽፋልኛለች፦ ፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ከበሩ ይራቅ፣ ፈተናው ላይ ጥያቄው ይነበብለት፣ ከሰሌዳ የሚገለብጠው ይቀነስለት። መምህሩ ፊት አስቀመጠው፣ እግዜር ይስጠው። ማንበቡንና መቀነሱን ግን "ለአንድ ልጅ ብዬ?" አለ። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ እንዲህ ያለ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር እየተደገፈ ይማር ነው የሚለው፣ ወረቀት ላይ። መምህሩም ክፍሉ ሞልቶበታል፣ አልፈርድበትም። ስለዚህ ነው አንድ ሰው ከማስጠኛው ሄዶ ቢያስረዳው ብዬ ደጋግሜ የጠየቅኩት። "እንደውላለን" አሉ። አልደወሉም። ባነሩ ላይ ግን "ከትምህርት ቤቶች ጋር በቅርበት እንሠራለን" ይላል፣ ሂዱና አንብቡት።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ልጃችሁን የሚይዘው ማን እንደሆነ በስም ጠይቁ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ለማየትም ጠይቁ። ቲቸር ትፈቅዳለች፣ ቢሮው ግን ያንገራግራል፣ አትስሟቸው። የጠዋት ፈረቃ ለሚማሩ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች ከሰዓት በኋላ ቦታ አለ ተብያለሁ። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ አይቀበሉም። ቅዳሜ ጠዋት ብየዳ ቤቱ አርፍዶ ስለሚከፈት ከቻላችሁ ቅዳሜን ያዙ።