ባዮጋዝ በውርጭ አገር፦ ባለ 6 ሜትር ኩብ ማብላያ ከዓመት በላይ ከተጠቀምንበት በኋላ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ገበሬ ባዮጋዝ፣ ማለትም እበት አየር በሌለበት ሲብላላ የሚወጣውን የሚነድ ጋዝ፣ የሚያስገባው ከሁሉም በላይ ሌሊቱ ውርጭ በሚጥልባቸው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ማለዳ እሳት ሳይለፋ እንዲያገኝ ነው። እበቱ የሚብላላበት የግንብ ጉድጓዳችን፣ ማብላያው፣ ግን በክረምትም ሆነ በበልግ ደህና ሲሠራ ቆይቶ የሚለግመው በእነዚሁ ሦስት ወራት ነው። ነበልባሉ ይቀጥናል፣ የግፊት መለኪያው ሽሮው ሳይበስል ይወርዳል፣ ቤተሰቡም ወደ ኩበቱና ወደ ጭሱ ይመለሳል።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። የባዮጋዙን የሚነድ ክፍል፣ ሚቴንን፣ የሚያመርቱት ደቂቅ ተሕዋስያን ጠንክረው የሚሠሩት ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሥራቸው እጅግ ይዳከማል። የማብላያው ጉልላት ከመሬት በታች መቀበሩ ከሌሊቱ ውርጭ ይከልለዋል፤ ሆኖም ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አፈር ራሱ ቀዝቃዛ ነው። የሸጠልን ሰው ስሌቱን ያቀረበው እንዲህ ብሎ ነበር፦ አንድ ኪሎ እበት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል፣ 30 ኪሎ ከ1 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል፣ ምድጃው በሰዓት እስከ 400 ሊትር ይፈጃል፣ ስለዚህ በቀን ሦስት ሰዓት ታበስላላችሁ። ስሌቱ ሐሰት አይደለም፤ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢት ለሚኖር ሰው እውነት ነው። ለእኛ ግን የቆላውን ቁጥር ለደጋ አምጥቶ እንደ ሸጠልን እቆጥረዋለሁ።

ይህን ቢሰማ «እበት አሳንሳችሁ ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። በብርድ ወቅት እበት መጨመር ግን ሳይብላላ ወደ መውጫው ገንዳ የሚገፋውን ያበዛል እንጂ ጋዙን አያበዛም። ደግሞስ ከየት ይምጣ? ከብቶቹ ቀኑን ሙሉ ግጦሽ ላይ ስለሚውሉ የሚሰበሰበው በረት ውስጥ ያደረው ብቻ ነው፤ እንደ አካባቢው ልማድ በጋችን ከከብታችን ይበዛል፣ የበግ በጠጥ ደግሞ ደረቅና ጠንካራ በመሆኑ በደንብ ካልረጠበና ካልተሰባበረ ማብላያው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል። ከዚህም በላይ ወደ ገንዳው የምንጨምረው እያንዳንዱ ቅርጫት እበት ተጠፍጥፎ ቢደርቅ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ የሚሸጥ ኩበት ነበር፤ ሻጩ የሲሚንቶውን ዋጋ ሲያሰላ ይህን ወጪ ከቁጥር አላስገባውም።

ባለቤቴ የመመገቢያውን ሰዓት ከማለዳ ወደ እኩለ ቀን ማዛወሩ እንደሚሻል ያሰበችው ቀድማ ነው። ከእበቱ ጋር እኩል የሚደባለቀውን ውሃ በጥቁር ጀሪካን ሞልተን ፀሐይ ላይ እናቆየዋለን፣ በጉልላቱ ላይ ያለውን አፈር ደግሞ በገብስ ገለባ ሸፍነን ብስባሹን እዚያው እንከምራለን፤ ብስባሽ ሲብላላ ስለሚሞቅ ከሥሩ ያለውን አፈር በመጠኑ ያሞቀዋል። ለውጡ ይታያል፤ የማታው ወጥ በጋዝ ይበስላል፤ የማለዳው ግን አሁንም አያስተማምንም። እንጀራውን በተመለከተ፣ የገዛነው ምድጃ ለምጣድ ስፋት የተሠራ ስላልሆነ ከመጀመሪያውም ተስፋ አላደረግንበትም።

ይህን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ አፍርሰው ቢሉኝ አላፈርሰውም፤ ምክንያቴ ግን ሻጩ ሲደጋግመው የነበረው «ደን ታድናላችሁ» የሚለው አይደለም። እኛ የወፍ ዋሻን ደን ጽድ እየቆረጥን አናነድም፤ ደጋው ላይ የሚነደው በአብዛኛው ኩበት ነው፣ ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚድነው ዛፍ ሳይሆን አፈር ነው። ኩበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይጠፋል፤ በማብላያው ውስጥ ግን ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ሳይባክን ይቆያል፣ ከፊሉም ተክል ቶሎ ወደሚወስደው መልክ ይለወጣል። ከመውጫው ገንዳ የሚወጣውን ዝቃጭ ፀሐይ ካደረቀው ጥቅሙ ስለሚተን፣ ጥላ ሥር ከገለባ ጋር እናብላላውና ከጓሮ ያለው የገብስ ማሳ ላይ እንበትነዋለን። ዝቃጭ ያገኘው የማሳው ክፍል ካላገኘው በቁመትም በአረንጓዴነትም ተለይቶ ስለታየ፣ ጋዙ በሚለግምባቸው ወራት እንኳ እበቱን ለኩበት መልሼ ለመስጠት እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ሻጩ ማዳበሪያውን በመጨረሻ፣ እንደ ምርቃት፣ ነበር የጠቀሰው፤ በእኔ ግምት ደጋ ላይ ዋናው ዕቃ እሱ ሆኖ ጋዙ ምርቃት ተብሎ መሸጥ ነበረበት።

ሊያሠሩ ለሚያስቡ የምለው ስለ ቦታው ነው። ጉድጓዱ ለበረቱና ለማድ ቤቱ ቅርብ እንዲሆን መደረጉ ተገቢ ሲሆን፣ ግንበኛው ግን ቅርበቱን ብቻ አይቶ ባሕር ዛፎቹ ከቀትር በኋላ በሚያጠሉበት በኩል ቆፈረው። ጥላው በክረምት ብዙም አይጎዳም፣ በታኅሣሥ ግን ያቺን የምታህል ፀሐይ ይወስድብናል፤ የባሕር ዛፍ ሥርም ውሎ አድሮ ግንቡን ሊሰነጥቅ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግንበኛው ቦታውን በቀትርም በከሰዓትም ቆሞ እንዲያየው አድርጉ። እኛ ሁለቱን ዛፎች ቆርጠን ለአጣና ሸጠናቸዋል፤ ሦስተኛው ያለው የጎረቤታችን ድንበር ላይ ስለሆነ ገና አልተስማማንም።